ቢጫው ብቻ

አስፋልቱ ሳይደርሰን፣ ውሃው ሳይመጣ፣
ከእቁባችን ዕጣ ቴሌቪዥን ወጣ።
አርባ ሦስት ኢንች ነው፤ እንደ ሙሽራ አዝለን
አራት ፎቅ ወጣነው፣ ሦስት ጊዜ አርፈን።

ኮዬ ፈጬ፣ የመጨረሻው ብሎክ።
ከእኛ ወዲያ ጤፍ ነው።
ሸምሱ ባልኮኒ ላይ ሳህኑን ይዞ ቆሞ
«አሁንስ?» ይለኛል፤ «ዜሮ ነው አሁን ደግሞ።»
«አሁንስ?» «ያው ዜሮ።» «ወደ ጤፉ ላድርገው?»
«አድርገው።» «አሁንስ?» «ሰባ! ሰባ! እሰረው!»

ምስሉ ቁልጭ አለ። የዜና አንባቢው ከንፈር፣
የክራባቱ ስፌት፣ የጠጉሩ ድንበር፣
ሁሉም ነገር አለ፤
ድምፅ ግን የለም።

ሪሞቱን ተቀባበልን በየተራችን፤
መቶ ደረሰ ድምፁ፣ ዝም አለ ቤታችን።
የእህቴ ልጅ ኪሩቤል ሜኑው ውስጥ ገብቶ
ቋንቋው ቻይንኛ ሆነ፤ መመለሻው ጠፋን ከቶ።
ሸምሱ ግን በልቡ ቆጥሮ፣ አራት ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ፣
ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፣ እሱም ብዙ ባይገባኝ።
አጠፋን፣ አበራን። ነቀልን፣ ሰካን።
በመዳፍ መታነው እንደ ድሮው ልማድ፤
ይሄስ የቱ ጋ ይመታል? ጀርባና ሆዱ አንድ።

ቻናል እንዲፈልግ አዘዝነው እንደገና፤
ሁለት መቶ አርባ አፍ ተደረደረና
ሰባኪው፣ ሐኪሙ፣ የሳሙናዋ ሴት፣
አፋቸው እንደ ዓሣ ሲዘጋና ሲከፈት።

ከግድግዳው ማዶ እትዬ ወርቅያንስ
ያንኑ ዜና ከፍተው እኛ ድረስ ሲደርስ፣
ድምፁን ከእሳቸው ቤት፣ ምስሉን ከእኛ ወስደን
ትንሽ ሞከርነው፤ ግን ድምፁ አንድ ትንፋሽ ቀደመን።
ሰውየው ፈገግ ሲል ድምፁ ስለ ጎርፍ ያወራል፤
ጎርፉ በምስል ሲመጣ ድምፁ ኳስ ጀምሯል።

ሸምሱ ላቡን ጠረገ። «መርካቶ ይመለስ፤
ዲዳ ሆኖ የተወለደ በብሎን አይፈወስ።»

አባቴ ጥግ ላይ ነበር። ማንም አላማከረውም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አቃቂ ጨርቅ ሠርቶ፣
ማሽኑ ጆሮውን ወሰደ፣ ጡረታውን ሰጥቶ።
ድንገት እንዲህ አለን፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነሳ፣
ከዚያ ከአዲሱ መስኮት፦
«ነገ ይዘንባል አለ፤ ልብሱን ከገመዱ አንሱ።
ምኑን ነው የምትፈልጉት? ይኸው፣ ይናገራል እሱ።»

ተያየን።
«ማን ነገረህ?» አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ተጠግቼ።
«እሱ ነዋ» አለኝ፤ «አፍ አለው አይደል? አይቼ።
ሽመና ክፍሉ ሲያገሳ ከጧት እስከ ማታ
መቶ ሰው ነበርን፣ ሁላችን በከንፈር ጨዋታ።
እናትህ ከአሥረኛው ማሽን ‹እሺ› ያለችኝ ዕለት
አየሁት እንጂ ቃሉን፣ አልሰማሁትም በእውነት።»

ስንት ዓመት ድምፅ ጨመርንለት በአሮጌው ቴሌቪዥን!
ጎረቤት ሲቆጣ «ለሽማግሌው ነው» እያልን።
እሱ እኛን ላለማሳፈር አንገቱን ይነቀንቃል፤
«ደህና ነው» ይለናል፣ «አሁን ይበቃል።»

ሸምሱ በስልኩ መብራት ከጀርባው ተንበርክኮ
«ወይ ነዶ!» ሲል ሰማን፣ «ቢጫው ብቻ ነው እኮ!
ቀዩና ነጩ ይኸው፣ ከሪሲቨሩ ጀርባ፤
ለምስሉ ስንሯሯጥ ድምፁ ደጅ ቀረ፣ ሳይገባ።»

ሰካው።
መቶ ላይ ትተነው ኖሮ ቤቱ ሊፈነዳ!
ኪሩቤል ጆሮውን ያዘ፤ እትዬ ወርቅያንስ ግድግዳ
ደበደቡ።
አባቴ ብቻ አልደነገጠም፤ ለእሱ ዜናው ያው ነበር።

ሌሊት፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ድምፁን ዜሮ አድርጌ
ከጎኑ ቁጭ አልኩኝ፣ አንዲት ቃል ፈልጌ።
አንድ ሰው ያወራል፤ ዓይኔን አጠበብኩ።
«ምን አለ?» አለኝ አባቴ።
«‹ሰላም እደሩ› መሰለኝ...»
እጁን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጎ፣ «አይ፣
‹ሽንኩርት ተወደደ› ነው። ጥርሱን ተው፣ ምላሱን እይ።»